ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ውሃ፦ ከቤተሰብ ጋር አኳሪየም ስንጎበኝ ምን እንመልከት?

አንድ ቤተሰብ ለዕረፍት ወደ ዱባይ ሄዷል እንበል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያት ናቸው። በትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሲዘዋወሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰማያዊ ውሃ ከፊታቸው ያጋጥማቸዋል። ልጆቹ ሮጠው አፍንጫቸውን ይለጥፉበታል። ሻርክ ያልፋል፤ ጠፍጣፋው ሬይ ክንፉን እንደ ጭልፊት ዘርግቶ ይከተለዋል። አባት ፎቶግራፍ ያነሳል፤ እናት ልጆቹ እንዳይጠፉባት በዓይኗ ትጠብቃለች፤ አያት ደግሞ ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነውን ጥያቄ አውጥተው «ይህ ሁሉ ይበላል?» ይላሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጉብኝቱ አብቅቶ ጉዞው ወደ ሱቆቹ ይሆናል። ማታ ልጆቹ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ትልቅ ዓሣ!»

መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቤተሰቡ የቆመው በአንድ ሰፊ ቤተ ሙከራ ፊት ነበር። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት ጎን ለጎን ሲሠሩ እንዲህ ባለ ግልጽነት የሚታዩበት ቦታ ብዙ አይደለም። በተለይ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ በሌላት አገራችን ለሚያድግ ልጅ የመጀመሪያው ባሕር በመስታወት ውስጥ ያየው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ያን ባሕር እንዴት እንደሚያየው ልናስብበት ይገባል እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ አኳሪየምን እንደ መጽሐፍ በየምዕራፉ ለማንበብ እንሞክራለን። በመጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ ከዚያም በውሃው ውስጥ ያሉትን የማይታዩ ሠራተኞች፣ በመጨረሻም ዓሣውን እንመለከታለን። ዓሣውን በመጨረሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀደሙት ሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዓሣው በሕይወት አይኖርምና ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አኳሪየም ከየት መጣ?

ባሕርን ወደ ቤት የማምጣት ሐሳብ ከመዝናኛ ይልቅ ከጥናት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1832 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ትኖር የነበረችው ፈረንሳዊት ዣን ቪልፕረ ፓወር የመስታወት ገንዳ አሠርታ አርጎናውት የተባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ ማጥናት ጀመረች። በዘመኑ አርጎናውት ቅርፊቱን ከሌላ እንስሳ ይወስዳል ወይስ ራሱ ይሠራዋል የሚል ክርክር ነበር። ተመራማሪዋ እንስሳው የተሰበረ ቅርፊቱን ራሱ ሲጠግን በገንዳዋ ውስጥ ተመልክታ ክርክሩን ዘጋችው።

በ1850 ደግሞ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ዓሦችን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳየ። ተክሉ በብርሃን እየታገዘ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሦቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሱለታል፤ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠል ይበላሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ ለሕዝብ የተከፈተ የመጀመሪያው አኳሪየም በለንደን የእንስሳት ማቆያ ሥራ ጀመረ። የዛሬዎቹ ግዙፍ አኳሪየሞች የእነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ልጆች ናቸው።

ምዕራፍ አንድ፦ ግድግዳው

በ2008 የተከፈተው የዱባዩ ገንዳ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ከፊት ለፊቱ ያለው መመልከቻ 32.88 ሜትር ስፋት፣ 8.3 ሜትር ቁመትና 75 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። በልማድ መስታወት እንለዋለን እንጂ የተሠራው አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ተራ መስታወት እጅግ ሲወፍር በውስጡ ባለው ጥቂት ብረት ምክንያት አረንጓዴ ይመስላል፤ አክሪሊክ ግን ወፍሮም ጥራቱን ይጠብቃል።

ይህን ያህል ውፍረት ለምን አስፈለገ? ልጆች ሲጠየቁ «ውሃው ብዙ ስለሆነ» ይላሉ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው የፊዚክስ ትምህርት ይመጣል። ውሃ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚወሰነው በጥልቀቱ እንጂ በገንዳው ስፋት አይደለም። ስምንት ሜትር ቁመት ባለው ቀጭን ቧንቧ ግርጌና ስምንት ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ወለል ላይ ያለው የውሃ ግፊት እኩል ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በስምንት ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚሸከመው ከ80 ኩንታል በላይ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሰማንያ ኩንታል ጤፍ ተደግፎ እንደቆመ ማሰብ ይቻላል። ልጁ አፍንጫውን የለጠፈበት ግድግዳ ይህን ሁሉ እየመለሰለት ነው።

ግድግዳው ከዚህም ሌላ ዓይናችንን ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ በጠፍጣፋ ግድግዳ በኩል ፊት ለፊት ያየነው ዓሣ ከእውነተኛ ርቀቱ ወደ ሦስት አራተኛው ተጠግቶ ይታየናል። ከግድግዳው ወዲያ አራት ሜትር ርቆ የሚዋኝ ሻርክ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት ከሆነው በላይ ገዝፎ እናየዋለን። በገንዳው ውስጥ በተዘረጋው ክብ መተላለፊያ ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዙሪያችን የተጠማዘዘው ግድግዳ እንደ በታኝ ምስሪት ስለሚሠራ ያው ሻርክ አነስ ብሎ ይታያል። ልጆች የአንዱን ሻርክ ርዝመት በሁለቱም ቦታ ገምተው ይጻፉ። የሁለቱ ግምቶች ልዩነት በግድግዳው ቅርጽ የመጣ ነው።

ይህን በቤት ለመድገም አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳንቲምና ጥቂት ውሃ ይበቃል። ሳንቲሙ በሲኒው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ተመልካቹ ሳንቲሙ በሲኒው ጠርዝ እስኪሸፈን ድረስ ወደ ኋላ ይራቅ። ሌላ ሰው ውሃ ሲጨምርበት ሳንቲሙ ከተደበቀበት ብቅ ይላል።

ምዕራፍ ሁለት፦ ውሃው

ውሃው ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ መልሱም ከአኳሪየም አኳሪየም ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ አትላንታ በ2005 የተከፈተው የጆርጂያ አኳሪየም ከባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ባሕሩን የሚሠራው ከከተማው የቧንቧ ውሃና ከተመጠነ ጨው ነው። ትልቁ ገንዳ 24 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል። በአማካይ የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ ለዚህ ገንዳ ብቻ 840 ቶን ወይም 8,400 ኩንታል ጨው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጨው ስንል የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። ከባሕር ጨው ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ኮራሎች አጽማቸውን የሚገነቡት ከካልሲየሙ ነውና እርሱ ቢጎድል እድገታቸው ይቆማል። ለእኛ ደግሞ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨው ትቶ ሄደ። ከአፋር በግመል ተጭኖ ይወጣ የነበረው አሞሌ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው።

የጨው መጠን ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል? መልሱ ኦስሞሲስ ነው። ውሃ በስስ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ጨው ወደሚበዛበት አቅጣጫ ያመዝናል። አጥንታም የባሕር ዓሣ ደሙ ከአካባቢው ውሃ ያነሰ ጨው ስላለው ዘወትር ውሃ ከሰውነቱ ይወጣበታል። ስለዚህ ባሕሩን ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወግዳል። የሐይቅ ዓሣ በተቃራኒው ውሃ ሳይፈልገው ስለሚገባበት ብዙ አይጠጣም፤ የሚሸናው ግን ብዙ ነው። አያት «ዓሣ ይጠማዋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የሳይንሱ መልስ «የባሕሩ አዎ፣ የሐይቁ አይደለም» የሚል ይሆናል።

በካሊፎርኒያ ጠረፍ በ1984 የተከፈተው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ሌላ መንገድ መርጧል። ውሃውን በቀጥታ ከባሕረ ሰላጤው ይስባል። ቀን ቀን ጎብኚዎች በጥራት እንዲያዩ ውሃው ይጣራል፤ ሌሊት ግን ሳይጣራ ይገባል። ከእርሱም ጋር በዓይን የማይታዩ እጮችና ዘሮች ይገባሉ፤ በገንዳው ዐለት ላይ ተጣብቀውም ያድጋሉ። በዚያ ገንዳ ውስጥ ማንም ያላስገባቸው ፍጥረታት የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ምዕራፍ ሦስት፦ የማይታዩት ሠራተኞች

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ከአኳሪየሙ ነዋሪዎች ሁሉ አስፈላጊዎቹን ማንም ፎቶግራፍ አያነሳቸውም።

ዓሣ ከሚመገበው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። በባሕር ውስጥ ይህ አሞኒያ ወዲያው ተበትኖ ይጠፋል። በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል፤ በጥቂት መጠንም ቢሆን መርዝ ነው። የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ አሞኒያው ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ እርሱም ገና መርዛማ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ናይትራይቱ እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬቱን አልጌዎች ይጠቀሙበታል፤ ወይም ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል፤ ካልሆነም ውሃው በከፊል እየተቀየረ ይወገዳል።

ሁለቱን ደረጃዎች የተለያዩ ባክቴሪያዎች ተከፋፍለው እንደሚሠሩ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሲታመን ኖሯል። በ2015 ግን ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻቸውን የሚያከናውኑ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከሁለቱ በአንደኛው ጥናት ባክቴሪያዎቹ የተገኙት በአንድ የዓሣ ማርቢያ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ እምነት በዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ተሻሻለ ማለት ነው።

ከዚህ ለቤት የሚሆን ትምህርት አለ። ከጉብኝት መልስ ልጆች «ዓሣ ግዙልን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይገዛል፤ ዓሦቹ ግን በሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። እናት ገንዳውን በየቀኑ አጥባ፣ አሸዋውን አጥርታ፣ ውሃውን ሁሉ ቀይራ ሳለ ለምን ሞቱ ብላ ታዝናለች። ከምክንያቶቹ አንዱ ራሱ ንጽሕናው ነው። በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በየቀኑ ታጥበው ተደፍተዋል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም የተረፉትን ገድሏል፤ የዓሦቹንም ስንጥብ ጎድቷል። አዲስ ገንዳ ዓሣ በብዛት ከመግባቱ በፊት ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ድረስ ሳምንታት መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላም ውሃው በሙሉ ሳይሆን በከፊል፣ ክሎሪኑ ከተወገደ በኋላ ይቀየራል። የጠራ ውሃ ሁሉ ሕይወት የሚሰጥ ውሃ አይደለም።

ምዕራፍ አራት፦ ዓሣውን ማንበብ

አሁን ዓሣውን እንይ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓሣ መርጦ አሥር ደቂቃ ያህል እርሱን ብቻ ይከተል። ሃምሳ ገንዳ በሩጫ ከማየት ይህ ይሻላል።

በመጀመሪያ አፉን ይመልከት። አፉ ወደ ላይ የዞረ ዓሣ በአብዛኛው ከውሃው ወለል፣ ወደ ታች የዞረው ከሥር ይመገባል። ጭራውን ይመልከት። እንደ ጨረቃ የተቆለመመ ጭራ ረጅም መንገድ በፍጥነት ለሚዋኝ፣ ክብ ጭራ ደግሞ ተደብቆ ቆይቶ ድንገት ለሚወረወር ዓሣ ይመቻል። ቀለሙን ይመልከት። ብዙ የባሕር ዓሦች ጀርባቸው ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው፤ ከላይ የሚያያቸው ከጨለማው ጥልቀት፣ ከታች የሚያያቸው ከሰማዩ ብርሃን መለየት ይቸግረዋል። ደማቅ ቀይ ዓሣ ጎልቶ የሚታይ ይመስለናል፤ ነገር ግን ቀይ ብርሃን በውሃ ቶሎ ስለሚዋጥ በጥልቁ ባሕር ውስጥ ቀዩ ዓሣ ጥቁር ነው።

በዓሣው ጎን ከራስ እስከ ጭራ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ይታያል። ይህ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያውቅበት የስሜት አካሉ ነው። ድምፅም በውሃ ውስጥ በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ «መስታወቱን አትንኩ» የሚለው ማስታወቂያ ለሥርዓት ብቻ የተጻፈ አይደለም። በጣት የሚደረገው መታ መታ ለዓሣው በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተመታ ከበሮ ነው።

ዓሣው እዚያ መሆን ነበረበት?

ልጆች ይህን ጥያቄ ሳይጠየቁ ይጠይቃሉ፤ «ወደ ቤቱ መሄድ አይፈልግም?» ወላጆች ጥያቄውን በፈገግታ ባያልፉት እንመርጣለን።

የጆርጂያ አኳሪየም ከዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነውን ዌል ሻርክ ከታይዋን አምጥቶ አሳይቷል። ዌል ሻርኮች በዚያን ጊዜ በታይዋን ለምግብ ይጠመዱ ስለነበር ወደ አኳሪየሙ መምጣታቸው ከዕርድ እንዳዳናቸው የሚከራከሩ ነበሩ። ይሁንና በ2007 ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ሞቱ፤ ይህን ያህል ለሚገዝፍና ረጅም ጉዞ ለሚጓዝ እንስሳ ገንዳ ይበቃዋል ወይ የሚለው ጥያቄም በረታ። በሞንተሬይ ደግሞ በ2004 የገባች አንዲት ወጣት ነጭ ሻርክ 198 ቀናት ኖራለች። ከዚያ በፊት በማንኛውም አኳሪየም ነጭ ሻርክ ከሦስት ሳምንት በላይ አልቆየም ነበር። አብረዋት የነበሩትን ሻርኮች ማጥቃት ስትጀምር በመጋቢት 2005 ወደ ውቅያኖስ ተለቀቀች።

ከቀይ ባሕር ዳር፣ በእስራኤሏ ኤይላት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው የውሃ ውስጥ መመልከቻ ጥያቄውን ገልብጦታል። ጎብኚው በደረጃ ከባሕር ወለል በታች ይወርዳል፤ በመስኮቶቹ ወዲያ ያለው እውነተኛው ኮራል ነው። በዚያ ቦታ በሣጥን ውስጥ የታጠረው ሰው ነው፤ ዓሣው እንዳሻው ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህም ቢሆን ኮራሉን ከአደጋ አያድነውም። ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል በሰውነቱ ውስጥ የሚመግቡትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በሚያዝያ 2024 በዓለም ደረጃ አራተኛው የኮራል መንጣት እንደተከሰተ በይፋ ተገልጿል።

የእኛ አቋም ይህ ነው። የአኳሪየም መኖር የሚጸድቀው ጎብኚው ሲወጣ ከመስታወቱ ወዲያ ላለው ውሃ ሲገባ ካሰበው በላይ ማሰብ ከጀመረ ነው። ሥዕል አንስቶ ብቻ ከወጣ፣ ዓሣው በከንቱ ታስሯል።

ጥያቄዎቹን ይዞ ወደ ቤት

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አውሮፕላን መሳፈር ግድ አይደለም። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት የወጣውን ቆሮሶ ማየት ይቻላል። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ውስጥ ታቅፋለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይሸሻሉ። ይህን የሰማ ልጅ በሳህኑ ላይ ያለውን ዓሣ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ጣና ደግሞ ከየትኛውም ገንዳ የሚበልጥ ታሪክ አለው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ የለያቸው ላቤዎባርበስ የተባሉ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ወደ አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች ተከፋፍለዋል። አብዛኞቹ በሌላ በየትም አይገኙም። አንዳንዶቹ ሌሎች ዓሦችን ያድናሉ፤ ይህም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌላቸው ዘመዶቻቸው ያልተለመደ ነው። በክረምት ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ወንዞች ይወጣሉ። አፈ ወንዙ ላይ ተሰብስበው የሚጠብቃቸው ግን መረብ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሦች ብዛት ከግማሽ በላይ መቀነሱ ታይቷል፤ በመራቢያ ወቅት የሚደረገው ማጥመድም እንደ ዋና ምክንያት ተጠቅሷል። ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭ ሌላ ጭነት ሆኖ ተጨምሮበታል። ጣና ማጣሪያ የሚያጥብለት፣ ጨው የሚመዝንለት ሠራተኛ የለውም። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት በውስጡ ያሉት ፍጥረታት ናቸው፤ እነርሱ ከጠፉ የሚተካቸው የለም።

ለጉዞ የሚያዙ ጥያቄዎች

ወላጆች የሚከተሉትን በማስታወሻ ደብተር ጽፈው ለልጆቻቸው ቢሰጡ ጉብኝቱ ይጠቅማቸዋል።

1. ይህ ውሃ ከየት መጣ? ቆሻሻውስ በምን ይወገዳል?
2. የመረጥከው ዓሣ በጠፍጣፋው ግድግዳ በኩል ስንት ክንድ ይመስላል? በክቡ መተላለፊያስ?
3. አፉ፣ ጭራውና ቀለሙ ስለ ኑሮው ምን ይነግሩሃል?
4. ዓሣው በነጻነት ይዘዋወራል ወይስ አንዱን ዙር ደጋግሞ ይመላለሳል?
5. ይህ ዓሣ በተፈጥሮ የሚኖርበት ውሃ ዛሬ እንዴት ነው?

አስጎብኚዎችንም መጠየቅ አይፈራ። ከኋላ ያለውን የማጣሪያ ክፍል ለማየት የሚፈቅድ ጉብኝት ካለ፣ ከአንድ ተጨማሪ ትርኢት ይልቅ እርሱን መምረጥ ይበጃል።

የአያትም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። «ይበላል?» ለሚለው መልሱ «ብዙው ይበላል» ነው። ነገር ግን የሚበላው ዓሣ ነገም እንዲኖር፣ የሚራባበት ወንዝ በመራቢያው ወቅት ክፍት መሆን አለበት። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ቤተሰቡ ባሕር ዳር ወርዶ በጀልባ ሲቀመጥ፣ ከልጆቹ አንዱ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ «ይህን የሚያጣራው ማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የዱባዩ ጉብኝት ፍሬ አፍርቷል እንላለን።